ዶክተር አስካለ ግዛቸው፦ ሥጋን በድምፅ ያቆዩ የሥጋ ቤት ልጅ

ዛሬ በእንባ የምንሸኛቸው ዶክተር አስካለ ግዛቸው፣ ከአባታቸው ከአቶ ግዛቸው ይልማና ከእናታቸው ከነፍስ ኄር ወይዘሮ የሺ ወልደሰንበት፣ ዛሬ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚባለው የሐዋሳ አካባቢ በ1964 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከሸዋ መጥተው በዚህች ከተማ ሥጋ ቤት የከፈቱ ሰው ስለነበሩ፣ አስካለ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ሽንጥን ከዳቢት ለይተው ያውቁ እንደነበር ቤተሰቡ ዛሬም እየሣቀ ያስታውሳል።

በልጅነታቸው በአንድ የፋሲካ ሰሞን መብራት ጠፍቶ በመክረሙ፣ አባታቸው ተበድረው በገዙት አሮጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረው ሥጋ በሙሉ ተበላሸ። አቶ ግዛቸው ሥጋውን ከከተማ አውጥተው ቀብረው ሲመለሱ ባዶው ሥጋ ቤት ውስጥ ቁጭ አሉ። ሴት ልጃቸውም አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ። ዶክተር አስካለ የሕይወታቸውን መንገድ የመረጡት ያን ዕለት እንደሆነ በኋላ ለባለቤታቸው ነግረዋቸዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐዋሳ አጠናቀው፣ በምግብ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በአገር ውስጥ፣ ዶክትሬታቸውን ደግሞ በቤልጅየም ከያዙ በኋላ፣ እዚያው እንዲቀሩ የቀረበላቸውን ግብዣ በምስጋና መልሰው ወደ ከተማቸው ተመልሰው መምህርት ሆኑ። ያጠኑትም የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ፣ አልትራሳውንድ የሚባለው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲለቀቅ ሥጋን የሚያበላሹ ተህዋሲያንን እንዴት እንደሚያዳክም ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን አልትራሳውንድን የሚያውቀው በእርጉዝ ሴቶች ምርመራ ብቻ በመሆኑ፣ "በሬው ስንት ወሩ ነው?" እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ እርሳቸውም ከሁሉ አስቀድመው ይሥቁ ነበር።

የሕክምና መሣሪያዎች ጠጋኝ የነበሩትን አቶ ብርሃኑ ትንሣኤን ያወቋቸው የላቦራቶሪው መሣሪያ ተበላሽቶ ሊጠግኑት በመጡ ጊዜ ነው። አቶ ብርሃኑ መሣሪያው ከተሠራ በኋላም "ደኅና መሆኑን ልየው ብዬ ነው" እያሉ መመላለሳቸውን ባለመተዋቸው፣ ዶክተር አስካለ በመጨረሻ "እኔም ደኅና ነኝ" አሏቸው። በ1993 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሄራንንና አልአዛርን አፈሩ።

በሥራቸው ከሁሉ የጠናባቸውን ሰው በላቦራቶሪ ሳይሆን በወላጆቻቸው ቤት አገኙት። አቶ ግዛቸው፣ "ልጄ፣ ውሃ የነካውን ሥጋ ማን ይገዛኛል?" ብለው በሩን ዘጉባቸው። ዶክተር አስካለ ግን አልተቀየሙም፤ "እውነትዎን ነው አባዬ" ብለው ተመልሰው፣ ሥጋው አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ ውሃ ሳይነካው ድምፁ ብቻ የሚያልፍበትን መንገድ ሲሞክሩ ዓመት ከረሙ። በመጨረሻም በዚህ ዓይነት ያለፈና በማቀዝቀዣ የሰነበተ ሥጋ ለአባታቸው ይዘው መጡ። አቶ ግዛቸው እንደ ልማዳቸው ቁርጡን ሊያነሱ ሲሉ ልጃቸው "ድምፁ ተህዋሲያኑን ያዳክማል እንጂ ጨርሶ አይገድልም" ብለው ከለከሏቸውና ጠብሰው አቀረቡላቸው። እርሳቸውም "ሥጋ ሻጩን ጥብስ አስበላችው" ብለው አጉረመረሙ፤ ዳሩ ግን ሳህናቸውን መልሰው ዘረጉ።

ወሬው ሲሰማ አንድ ባለሀብት መጥተው ውሎ ያደረውን ሥጋ እንደ ትኩስ አድርጎ የሚመልስ ከሆነ መሣሪያውን በብዛት እንደሚያሠሩ ነገሯቸው። ዶክተር አስካለም፣ "ትኩሱን ያቆየዋል እንጂ የተበላሸውን አይመልስም። ለሰው ልጆች የማላበላውን በስሜ አይሸጡም" ብለው አሰናበቷቸው። ከዚያ በኋላ ደጋፊ ጠፍቶ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ይህም በጣም አሳዝኗቸው እንደነበር የምናውቅ እናውቃለን። አቶ ብርሃኑ ግን ከተጣሉ መሣሪያዎች ዕቃ እየለቀሙ በሰርቪስ ቤታቸው ውስጥ አንድ አነስተኛ መሣሪያ ሠሩላቸው። በእርሱም የሰፈራቸው ሥጋ ሻጮች ተደራጅተው በጋራ መጠቀም ጀመሩ። የመጀመሪያውን የሥጋ ብልት ያስገቡት አቶ ግዛቸው ነበሩ።

ባለፈው ዓመት በጉበታቸው ላይ ሕመም ሲገኝ፣ በአልትራሳውንድ የሚመረምራቸው ሐኪም ስክሪኑን ከእርሳቸው ዘወር ባደረገ ጊዜ፣ "ስክሪኑን ማንበብ እችላለሁ፤ አይጨነቁ" ብለው ያጽናኑት እርሳቸው ነበሩ። አቅማቸው ሲደክም አባታቸው በእርጅና ጉልበታቸው ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ልጃቸው እስከሚኖሩበት ሐይቅ ዳር ድረስ በየዕለቱ የቅልጥም ሾርባ እያመጡ በማንኪያ ያጎርሷቸው ነበር። ዶክተር አስካለም መዋጥ ባቃታቸው ቀን እንኳ ከከንፈራቸው አስነክተው፣ "ይጣፍጣል አባዬ" ይሏቸው ነበር። በሀገር ውስጥና በውጭ ሲታከሙ ቆይተው፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው በቤታቸው፣ በቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ።

ዶክተር አስካለ ባለቤታቸውን አቶ ብርሃኑን፣ ልጆቻቸውን ሄራንንና አልአዛርን፣ ያስተማሯቸውን ብዙ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ልጅን መቅበር የደረሰባቸውን አባታቸውን አቶ ግዛቸውን ትተውልን ሄደዋል። እነዚህን አደራ ተቀብለናል። የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለአባታቸውም ይህን ቀን የሚችሉበትን ጉልበት ይስጥልን። አሜን።