በገዛ እጄ የጻፍኩት ምስጋና

በተቃውሞ ምክንያት መንገዱ በድንጋይ ስለተዘጋ ታክሲያችን ቡራዩ ላይ ቆማለች። ክራንች የታቀፉ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት ያወራሉ።

«የታከምኩበትን ሆስፒታል ከስሻለሁ፤ ዛሬ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው።»

«ምን አደረጉዎት አባባ?»

«ለስብራት ተኝቼ ቁስሌ እዚያው አመረቀዘ፤ እግሬ ተቆረጠ።»

«ዋቃዮ! እነሱ ምን ይላሉ ታዲያ?»

«‹ኢንፌክሽኑን ከቤትህ ነው ያመጣኸው› ይላሉ።»

«ማስረጃ አላቸው?»

«የራሴ ጽሑፍ! ቁስሉ ሳይብስ አስተያየት መስጫ መዝገባቸው ላይ ‹ንጽሕናችሁ ከቤቴ ይበልጣል› ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«እውነት ነበር?»

«ሌላ ሰው የተኛበት አንሶላ ላይ ሆኜ ነው የጻፍኩት! ነርሷ መዝገቡን ስትሰጠኝ ይሉኝታ ያዘኝ።»

«አሁን ቢቀሩስ?»

«ከቀረሁ ፋይሉ ይዘጋል፤ ከደረስኩ ጠበቃቸው ጽሑፌን ጮክ ብሎ ያነበዋል።»

ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁትን «የምስጋና ደብዳቤ አጻጻፍ» የሚል የዕለቱን ትምህርት ቀስ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ።