ራጅ ያልተነሱት የራጅ ባለሙያ

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት መዝገብ ይዤ ስወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ የራጅ ባለሙያችንን ብረቱን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ራጅ» ነው የሚላቸው። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ቆማለች፤ እዚሁ ሆስፒታል አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። እሳቸው ይስላሉ፤ እሷ ሳሉ እስኪበርድላቸው ትጠብቃለች።

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ዳኘን» አሉኝ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ይህች ልጅ አክታ ይስጡ፣ ራጅ ይነሱ እያለች መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ።»

ነገሩን ከሁለቱም ሰማሁ። ሳሉ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ቀበቷቸው ላይም ሁለት አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል። እሳቸው ግን ብርድ ነው ብለው ድርቅ አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ደረት ሲያነሱ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸውን አንድ ቀን አላዩም። የራጅ ክፍሉ መስኮት በአሮጌ ቁም ሣጥን ተዘግቷል፤ በሽተኛው እዚያው ታፍኖ ተራ ይጠብቃል። ማስክም አይወዱም። ምክንያታቸው ክፉ አልነበረም፤ በሽተኛ ፊቱን የሸፈነ ሰው ሲያይ ተጠየፈኝ ብሎ አንገቱን ይደፋል፣ እኔ ደግሞ ሰው ማሳፈር አይሆንልኝም አሉ።

ነርሷ በትሕትና ተከራከረቻቸው። ምክንያቱ የተነገረው በሽተኛ እንደማይከፋው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሳሉ ትንፋሽ ሰዓታት አየር ላይ እንደሚቆይ፣ ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ይህንኑ አየር ከማንም ይበልጥ እንደሚስብ አስረዳች።

«ቲቢና እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤታሞች ነን፤ ተላምደናል» አሉ ጋሽ ራጅ።

«ጎረቤት ደግሞ አንድ ቀን ሳያንኳኳ ይገባል፣ ጋሼ።»

ፈገግ አሉ እንጂ አልተረቱም። ሰው እንዳይሰማ ግራ ቀኝ ሲያዩ፣ በሽታው ቢገኝብኝ ባልደረቦቼ ይሸሹኛል ብለው እንደሰጉ ገባኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ልላቸው አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ።»

ዞረው አዩዋት።

«ከዚሁ ከሥራዬ ነው የያዘኝ። የዓመት ፈቃድ ወጣሁ ያልኩዎት ለሱ ነበር። ራጁንም እርስዎ እንዳያዩት ብዬ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተነሳሁ። አሁን ከእኔ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እየዳንኩ ነው። እርስዎ ግን ጨቅላ የልጅ ልጅዎን ያቅፋሉ። በሽታው በሕፃን ላይ ይከፋል።»

ጋሽ ራጅ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ እያለሁልሽ ሌላ ቤት ሄድሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «ብቻሽን ዋጥሽው?»

«ብነግርዎት ምን ይሉኝ ነበር?»

እጅዋን ይዘው ተነሱና ወደ ራጅ ክፍል ወረዱ። የሥራ ባልደረባቸው አነሳቸው። ፊልሙን ራሳቸው መብራቱ ላይ ሰቀሉት። በቀኝ ሳንባቸው የላይኛው ክፍል ጉም የመሰለ ነገር ይታያል።

«ለዚህ ሰው ቶሎ መድኃኒት ይጀመርለት» አሉ፣ ለማንኛውም በሽተኛ እንደሚሉት።

የአክታ ምርመራውም ያንኑ አረጋገጠ። ሕፃኗ ተመርምራ ደህና ሆነች፤ መከላከያ መድኃኒትም ታዘዘላት።

ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በሽታ የሚደፍረው አይመስለውም። ጋዋን ግን ጨርቅ ነው። ጋሽ ራጅ ይህን ቤታቸው ተኝተው በደንብ አሰቡበት። ወደ ሥራ በተመለሱ ቀን ቁም ሣጥኑን አስወጥተው መስኮቱን ከፈቱ። በሽተኛው በረንዳ ላይ እንዲጠብቅ፣ የሚያስለው ቀድሞ እንዲገባ አደረጉ። አስተዳደሩም በነርሷ ጥያቄ ሠራተኛው በየዓመቱ እንዲመረመር፣ የታመመም ከነደመወዙ እንዲያርፍ ፈቀደ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው፤ የዳነው ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን በእሱ እጅ የሚታከመውም፣ ቤት የሚጠብቀው ቤተሰቡም ነው።

ነርሷ መድኃኒቷን በጨረሰችበት ሳምንት፣ በጠዋቱ ስብሰባ ተነስታ ታሪኳን ለሁላችን ተናገረች። ከምሳ በፊት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ አንድ ሐኪምና እኔ ራሴ ለየብቻችን ሄደን «እኔንም ያስለኛል» አልናት። የሐኪሙና የእኔ ጉንፋን ሆነ። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን በሽታው ሳይጠናባት ተደረሰባት። ዛሬ መድኃኒቷን የምትውጠው በሁላችን ፊት ነው፤ ውኃውን የምናቀብላትም እኛው ነን።