ለእናቱ የሠራት ክፍል

ወደዚያ ግቢ የገባሁት መሰላል ልዋስ ነበር። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ግንበኛው ጎረቤቴ አንድ ወረቀት አፍንጫዬ ሥር ደቀነብኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ አንብብልኝ። እውነት ‹ይፍረስ› ይላል?»

ይላል። በሰባት ቀን ውስጥ፣ በባለቤቱ ወጪ። ከታች ማኅተም፣ ከማኅተሙ ጎን ደግሞ የገዛ እኅቱ ልጅ ፊርማ።

እንዲፈርስ የታዘዘው በግቢው ጥግ ለእናቱ የሠራት አንዲት ክፍል ናት። እናቱ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። አምስት ወር ሙሉ ሳሎን ውስጥ በመጋረጃ ተከልለው ኖረዋል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የተኙ እየመሰሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የራሳቸው በር።

«ቦታው የኔ፣ ብሎኬቱ የኔ፣ እናቲቱ የኔ» አለ ግንበኛው። «ቢሮው ምን ቤት ነው?»

ይህን ሲል የእኅቱ ልጅ ገባች። የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ፕላን መርማሪ ናት፤ ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይላታል።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«አፍርሰሽኝ እንዴት እውላለሁ? ለባዳ ስትፈቅጂ ውለሽ የአያትሽን ታፈርሻለሽ። በይ ንገሪኝ፣ ምን አጠፋሁ?»

«አጥሩ ላይ ለጥፈው ሠሩት። ደንቡ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ ይላል።»

«ለድመት መተላለፊያ?»

«ለአየር። በአጥሩ በኩል መስኮት ማውጣት አልቻሉም፤ በዚህ በኩል የውኃ ታንከሩ ገጥሞታል። ጋሼ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ነው እናትዎን የሚያስገቡት።»

«አሮጊት የሚገድላት ብርድ ነው። መስኮት ምን ያደርግላታል፣ ለፈተና ልታጠና ነው?»

መሳቅ አማረኝ፤ ግን ንዴቴ ቀደመ። ይህ ሰው ለደንበኛ የዶሮ ቤት ሲሠራ እንኳ ቀዳዳ ይተዋል። ለወለዱት እናቱ ሲሆን ጊዜ ብርድ ትዝ አለው።

እሱ ግን ገና መጀመሩ ነበር። «ደንብ፣ ደንብ ትያለሽ። የት ነው ያለው? ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አንዱን ቀን ስብሰባ፣ አንዱን ቀን ኃላፊው የለም፣ በሦስተኛው ‹ደንቡ ለውስጥ አገልግሎት ነው› ተባልኩ። ሳልሠራ የደበቃችሁትን ከሠራሁ በኋላ ታወጡታላችሁ?»

እኔም አላስቻለኝም። «እውነቱን ነው» አልኩ። «ሰው እንዳያጠፋ የተጻፈ ነገር ካጠፋ በኋላ ብቻ የሚነበብለት ከሆነ፣ መሳቢያ ውስጥ የቆለፋችሁት ወጥመድ ነው።»

«አልክድም» አለች ፊቷ ቀልቶ። «ነገ ቢሮ ገብቼ የምጣላበት እኔ ነኝ። የበሩን ስፋትስ ግን ማን ደበቀብዎት፣ ጋሼ?»

«በሩ ምን ሆነ? እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ አይገኝም። ከፈረሰ መጋዘን ነው ያወጣሁት።»

ልማዱ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ በር ካየ አያልፍም፤ በሩን ያቆምና ቤቱን በበሩ ልክ ይሰፋለታል።

«ስልሳ አምስት ሳንቲ» አለች ለክታ። «ደንቡ ዘጠና ይላል።»

«ሃያ አምስት ሳንቲ ምን አላት? ሰው ያስገባል።»

«እስቲ አስገባኝ» የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ። እናቲቱ ሁሉንም ሰምተዋል።

ራሱ ልጃቸው እንዲገፋቸው አዘዙ። ወንበሩ የበሩን ግራ መታ። ወደኋላ ስቦ አጣሞ ሞከረ፤ ቀኙን መታ። በሦስተኛው በኃይል ሲገፋ የእናቱ እጅ ብረቱና ጎማው መካከል ገባ። ቆዳቸው ተላጠ።

«የበሩን ልክ ከመጋዘን ወሰድክ» አሉ እጃቸውን ይዘው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «እኔ እዚሁ ተጎልቼልህ ነበር። የኔን ልክ መውሰድ ምን ከበደህ?»

«እማዬ፣ ተሸክሜ አስገባሻለሁ ብዬ እኮ ነው።»

«ገባሁ እንበል። አንተ ሥራ ስትሄድ ማን ያወጣኛል? እኔ የጠየቅሁህ ክፍል ነው፤ መቃብሩን በጊዜዬ እደርስበታለሁ።»

ግንበኛው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ትልቁን መዶሻ አነሣ፤ መጀመሪያ የነቀለው ያንኑ ብረት በር ነበር። በሰባት ቀን የተባለውን በሁለት ቀን ጨረሰው፤ ቢሮው እንዲህ የፈጠነ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ፎርም አጣለት።

ሚሊሜትርም ቃሏን ጠበቀች። አሥራ ሰባት ቀን ከአለቃዋ ጋር ተኳርፋ፣ ደንቡን በአንድ ገጽ፣ ማንም በሚያነበው ፊደል አስጽፋ የቢሮው የውጭ በር ላይ አስለጠፈች። የአጎቷን ፕላን ራሷ ነደፈች፤ መርምሮ የፈረመው ግን ሌላ ባልደረባዋ ነው፤ ለዘመድ አልፈርምም ብላ።

አዲሱ ክፍል ከአጥሩ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ቆሟል። ፀሐይ እስከ አልጋው ትደርሳለች፤ ሽንት ቤቱ እዚያው ነው፤ በሩ ወንበሩን ያሳልፋል፤ ደረጃ የለውም። ቤት ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ፣ ብሎኬት ከመግዛታችሁ በፊት ደንቡን ጠይቁ፤ ደንቡን ስትጠይቁ ደግሞ የሚኖርበትን ሰው አትርሱ። ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ሹማምንትም ደንቡን አውጡት፤ መሳቢያችሁ ውስጥ ማንንም ከዝናብ አላዳነም።

እናቲቱ በገቡ ማግስት ጠዋት እዚያው ነበርኩ። ግንበኛው እንደ ለመደው ቁርሳቸውን በትሪ ይዞ በሩን ገፋው። ከውስጥ ተቆልፏል።

«አንኳኳ» አሉት።

ጎንበስ ብሎ ትሪውን መሬት አስቀመጠና አንኳኳ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጅሽ።»

«ቆይ፣ እየለበስኩ ነው።»

ቆየ።