ጳጉሜን ስድስትን የማያውቀው ፕሮግራም

ክብርት ኃላፊያችን ወይዘሮ ብሪቱ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ «ስርጉት» ብላችሁ አጽፋችኋል። ከፕሮግራሙ ላይ የጠፋው ስሜ ኬክ ላይ መገኘቱም ደግ ነው።

አትደንግጡ፣ ኬኩን እንበላለን። ግን ዘጠኝ ዓመት አብሬያችሁ ሠርቼ የከፋኝን ሳልናገር አልሄድም።

የሸርቆሌ ወረዳን ሕፃናት የክትባት መመዝገቢያ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ስጽፍ፣ እዚያ መዝገብ የሚይዘውን ኻሚስን አጠገቤ አስቀምጬ ነበር። መጀመሪያ አንድ አንድ መስመር እየጻፍን መልሱን እናያለን። ኋላ ሁሉንም በአንድ ፋይል አድርገን አስኬድነው። ኻሚስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እኅቴ፣ ይሄ ሲበላሽ የት ይከፈታል?»

«ጽሑፉ ያው ፊትህ ነው፤ ትከፍተዋለህ፣ ታርመዋለህ» አልኩት።

ያንን ፋይል አምኜ ለገመቺስ ሰጠሁት። ሙያውን እዚህ ቢሮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ስርጉቴ፣ ኮምፓይል አድርጌ ሁለቴ ሲጫኑት የሚከፈት አደርገዋለሁ፤ ለሁሉም ይቀላል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይቀላል። እሱ ግን ውስጡ እንዳይነበብ አድርጎ ዘጋውና መግቢያው ላይ የራሱን ስም ጻፈ።

እንግዶች የመጡ ዕለት ትዝ ይላችኋል? ገመቺስ ፕሮግራሙን ሊያሳያቸው ጳጉሜን ስድስት የተወለደች ሕፃን ሊመዘግብ ሲል፣ እኔ ድሮ ውስጡ ለኻሚስ ጽፌ የተውኩት መልእክት ስክሪኑ ላይ አልወጣም? «ኻሚስ፣ ጳጉሜን ስድስትን ገና አላስተማርኩትም። ትንሽ ታገሠኝ። ስርጉት።»

አንዱ እንግዳ «ስርጉት ማናት?» ብለው ጠየቁ።

ገመቺስ «የሙከራ ስም ነው» አለ።

እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። እሱስ ደንግጦ ነው እንበል። እናንተ ሃያ ሰዎች እውነቱን እያወቃችሁ ምን ሆናችሁ አጨበጨባችሁለት? ወይዘሮ ብሪቱ፣ እርስዎስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእሱ ይልቅ የከዳችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ለማንኛውም፣ ጳጉሜን ስድስትን አስተምሬዋለሁ። የታረመው ፋይል ክፍት እንደሆነ ኻሚስ ዘንድ ነው። እዚህ ያለው የተዘጋው ግን ያችን ሕፃን ዛሬም አይመዘግብም። ገመቺስ፣ ሲቸግርህ ሸርቆሌ ደውል። ኻሚስ ይከፍትልሃል።

በሉ፣ ኬኩን ቁረጡ። ስሜ ያለበትን ቁራሽ ለገመቺስ ስጡልኝ።

እናንተን ፈጣሪ ይባርካችሁ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። የደከማችሁበት ሥራ በስማችሁ ይጠራ። ማናት፣ ማነው ተብሎ ሲጠየቅም፣ «እኔ አውቃለሁ» የሚል አንድ ሰው አይጥፋባችሁ።