በስመ አብ የሰማው አጋዘን

እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም። ይህን ግን ኮንየርስ ከተማ ወደምንሠራበት መጋዘን በሚወስደን ቫን ውስጥ ስለሰማሁት ጻፍኩት። ከፊቴ አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ የአደን ጠመንጃ እያሠራሁ ነው» አለ ወጣቱ። «ስድስት ሚሊሜትር ጥይት ሁለት ዓይነት አለ፤ ጠመንጃው ለየትኛው እንደሚሠራ ዛሬ ለሠሪው መንገር አለብኝ። አንዴ ከተሠራ አይቀየርም።»

«ምንና ምን ናቸው?»

«ቱ ፎርቲ ስሪ የሚሉት ጥይት የትም ሱቅ ይገኛል። ክሪድሙር የሚሉት ደግሞ ለሩቅ ይሻላል።»

«እዚህ ጫካ አጋዘኑ አፍንጫህ ሥር ነው። የሚገኘውን ያዝ።»

«ሚስቴስ? በስመ አብ ሳይባል የሞተ እንስሳ ሥጋ ቤቴ አይገባም ብላለች።»

«ከመተኮስህ በፊት ነዋ የምትለው!»

«ባለፈው በተዋስኩት ጠመንጃ ሞክሬ ነበር። በስመ አብ ስል ሰምቶኝ ሮጠ።»

«በልብህ በል።»

«በልብ የተባለ አትቀበልም። ሪኮርድ አድርገህ አምጣ ብላኛለች።»



«እንግዲያው የሩቁን እዘዝ። ግን ብትስተውስ?»

«ተባርኮ ይኖራላ!»

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ለሠሪው ደወለና «ክሪድሙር ይሁን» አለው።

ሳቄን ድምፅ ሳላሰማ በሻርፔ ሸፈንኩ፤ ሽማግሌው ግን ሲወርዱ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ለአደንስ አንቺ ነበርሽ፤ ድምፅሽ አይሰማም» አሉኝ።