በአንድ ማለዳ የተዋጠ የሦስት ቀን መድኃኒት

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «የኔታ» ተብለው የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 74 ዓመት
ሥራ፦ የቤተ ክርስቲያን መምህር፣ አሁን በጡረታ ላይ
አድራሻ፦ ከፋርማሲው ጀርባ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ አረንጓዴ በር
ቃል የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ማክሰኞ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ በፖሊስ ጣቢያው የምርመራ ክፍል
ጉዳዩ፦ በፋርማሲስቷ ላይ የቀረበው የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥታለች የሚል አቤቱታ

እኔ ከላይ የተገለጽሁት ምስክር ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በገዛ ፈቃዴ ነው። ታናሽ እህቴ ከእኔ ጋር በአንድ ቤት ትኖራለች። የደም ግፊት ስላለባት ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሁለት ዓይነት ክኒን ስትወስድ ቆይታለች። አንደኛው የልብን ምት የሚያዘገየው አቴኖሎል ሲሆን፣ ሁለተኛው ትርፍ ውኃንና ጨውን በሽንት የሚያስወጣ ነው። ዓይኗ ስለ ደከመ ክኒኑን ቆጥሬ የምሰጣት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ ሁለቱም ክኒኖች አለቁ። ፋርማሲው ቅዳሜና እሑድ ዝግ ስለ ነበር እህቴ ሁለት ቀን ሳትወስድ ዋለች። ትናንት ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 ላይ ሄጄ ስገዛ፣ ነጭ የነበረው አቴኖሎል ብጫ ሆኖ አገኘሁትና ምክንያቱን ጠየቅሁ። ፋርማሲስቷ፣ «የኔታ፣ ፋብሪካው ነው የተለየው። ውስጡ ያለው መድኃኒት ያው ነው፣ መጠኑም ያው ሃምሳ ሚሊግራም። ቀለሙን ልብሱ ነው ይበሉት» አለችኝ። እኔም አሮጌውን ማሸጊያ ከኪሴ አውጥቼ ከአዲሱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁት፤ እንዳለችው ሆኖ አገኘሁት። ቀጥላ «ያመለጠ ቀን ካለ ደግሞ…» ብላ ስትጀምር፣ «ልጄ፣ በቀን አንድ አንድ መሆኑን አንቺ እዚህ ሳትቀጠሪ ጀምሮ ነው የማውቀው» ብዬ አቋረጥኋት። ዕድሜዬን በማስተማር ስላሳለፍሁ ሰው ሲያስተምረኝ ጆሮዬ ፈጥኖ አይከፈትም። እርሷ ፈገግ ብላ በካርቶኑ ላይ «በቀን 1» ብላ ጻፈችልኝ። ከኋላዬ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር።

ቤት ደርሼ 3 ሰዓት ላይ ለእህቴ ከሁለቱም ዓይነት ሦስት ሦስት ክኒን ሰጠኋት። ይህን ያደረግሁት ከልጅነቴ ከለመድሁት ሥርዓት ተነሥቼ ነው። የዕለት የጸሎት ድርሻዬ በሕመም ወይም በመንገድ ሲታጎልብኝ፣ በማግሥቱ ከዕለቱ ጋር ደርቤ አደርሰዋለሁ። የመድኃኒቱንም ነገር በዚሁ ሚዛን መዘንሁት። እህቴ፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ በዛ!» ብትለኝ «የቅዳሜና የእሑድ ነው፤ ዋጪ» አልኋት። እርሷም ዋጠች።

6 ሰዓት ሲሆን ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ቀና ስትል «ጋሼ፣ ቤቱ ዞረብኝ» ብላ ወለሉ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ልጇ በስልክ ጠርቼው ደርሶ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የልቧ ምት በደቂቃ አርባ አንድ ነበር። የእህቴ ልጅ ብጫውን ክኒን ሲያይ «የእናቴ ነጭ ነበር፤ ይኼማ ሌላ መድኃኒት ነው! እናቴን ሊገድሏት ነው!» እያለ ወደዚህ ጣቢያ መጣ። 9 ሰዓት ላይ ፋርማሲው ታሸገ፤ ፋርማሲስቷም ሰፈሩ እያየ ተወሰደች። በዚያን ሰዓት እኔም ጥርጣሬውን ተጋርቼ ዝም ማለቴን አልደብቅም።

ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት እህቴን ልጠይቅ ስገባ ሐኪሙ፣ «አባቴ፣ ስንት ነበር የሰጧት?» አለኝ። «ሦስት ሦስት» አልሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በስንት ቀን?» «በአንድ ማለዳ።» ከዚያ በኋላ በትዕግሥት አስረዳኝ። ክኒን ከሆድ ወደ ደም ገብቶ ሥራውን ይሠራል፣ ኩላሊትም ቀስ በቀስ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ለአንድ ቀን የተመጠነው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያለፈው ቀን ድርሻ ተደርቦ አይሟላም። ሦስቱ በአንድነት ሲገቡ የልቧን ምት ከልክ በላይ አዘገዩት፤ ውኃ የሚያስወጣው ደግሞ በደም ሥሯ ያለውን ፈሳሽ አጎደለው፤ ስትነሣ ደሙ ወደ ራሷ መውጣት አቃተው። «ቀለሙ አንዳች ጥፋት የለበትም» አለኝ።

እህቴ ከአልጋዋ ላይ «ጋሼ ዳዊቱን መድገሙ አንሶት መድኃኒቱንም ደገመው!» ስትል ነርሷ ሳቋ አመለጣት። እኔም ካፈርሁ በኋላ ሳቅሁ። እህቴ አሁን ደኅና ናት፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ።

ወደዚህ ስንመጣ የእህቴ ልጅ በጣቢያው ኮሪደር ላይ፣ «አጎቴ፣ እርስዎ ምን ቤት ነዎት? እኔ ክሴን አነሣለሁ፣ ነገሩ በዚያው ይሞታል» አለኝ። «ክሱ ቢነሣ ሐሜቱ ይቀራል። ነገ ‹መርዝ የምትሸጠዋ› ብትባል ማን ይመልስላታል?» አልሁት። «በሽምግልናዎ ፖሊስ ጣቢያ ሊመላለሱ ነው?» ቢለኝ፣ «በሽምግልናዬ የሰው ስም አጉድፌ ከምቀመጥ መመላለሱ ይቀለኛል» ብዬ ገባሁ።

መርማሪው ይህን የምናገረው ለፋርማሲስቷ አዝኜ እንደ ሆነ ጠይቆኛል። ማዘኔስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ትናንት የተገዙትን ሁለት እሽጎች ከጠረጴዛው ላይ አኑሬያለሁ፤ ካርቶኑ «በቀን 1» ይላል፣ ከእያንዳንዳቸው ግን በአንድ ማለዳ ሦስት ጎድሏል። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቃሌ በፋርማሲው በር ላይ እንዲለጠፍ ብለምን፣ መርማሪው «አባ፣ የምርመራ ቃል በር ላይ አይለጠፍም» አለኝ። ስለዚህ የፋርማሲው እሽግ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲነሣ በበሩ ቆሜ፣ ለሚያልፈው ሁሉ በአፌ እንድናገር ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልኝ። መርማሪው ፋርማሲስቷን አስጠርቶ ነፃ መሆኗን ሲነግራት፣ የእህቴ ልጅም ከተቀመጠበት ተነሥቶ በፊታችን ይቅርታ ጠየቃት፤ በመኪናውም ወደ ፋርማሲው እንደሚያደርሰን ተናገረ። «የፊቱ ወንበር የእሷ ነው። አጎቴ ከጭነቱ ጋር ከኋላ ይሄዳሉ» አለ። ይህንንም ፍርድ ያለ ይግባኝ ተቀብያለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልተናገርሁት አልተጨመረበትም፣ የተናገርሁትም አልተቀነሰበትም። እውነት ስለ መሆኑ በእግዚአብሔርና በሕግ ፊት ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ሲነበብ የነበረው የእህታቸው ልጅ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________