ማማ አኬዮ ኮድ ስታነብልኝ

ጸጥ በሉ እስቲ! ግብዣው የማማ አኬዮ ቢሆንም ማይኩ እኔ እጅ ነው።

ማማ አኬዮ እዚህ ኪሱሙ ቢሮ መጀመሪያ የገባች ቀን ከሁላችሁ ቀድሜ መምጣቷን ያወቅሁት እኔ ዓይነ ስውሩ ኦኩሙ ነኝ። ከሐይቁ ዳር የገዛችውን ዓሣ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነዋ የመጣችው፤ ሽታው ቀድሟት ገባ! «ፕሮግራመር ነው የቀጠርነው ወይስ ዓሣ ነጋዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ዓሣ ነጋዴ ብሆን ላንተ አልሸጥም ነበር» አለችኝ። ትውውቃችን ይኸው ነው።

ያን ሰሞን ዓይኔ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። አለቃችን «ኮድ የማያይ ሰው ኮድ አይጽፍም» ብሎ ስልክ አንሺ ሊያደርገኝ ደብዳቤ አዘጋጅቷል። ይቺ ሴትዮ ገና ሳምንት ሳይሞላት «እኔ አነብለታለሁ» ብላ አጠገቤ ቁጭ።

አነበበች እንበል? ኧረ ተዉኝ! ጠማማዋን ቅንፍ እንደ ሰው «ቅንፍ» አትልም። «ሪዝ ተከፈተ፣ ሪዝ ተዘጋ» ነው የምትለው። ኢሜይል አድራሻ መሃል የምትገባዋ ምልክት «ቀንድ አውጣ» ናት። ቃለ አጋኖ ሲመጣማ ትጮሃለች፤ ጎረቤት ቢሮ ያሉት እሳት ተነሳ ብለው ሁለቴ ሮጠው ወጥተዋል። አፏ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ሞልቶ የምታነበውን መስመር ደግሞ እግዜር ይፍታው። በዚያ ላይ ስድቧ!

«እዚህ ጋ አንድ ደደብ ሪዝ ከፍቶ ሳይዘጋ ሄዷል።»

«ማነው ደደቡ?»

«ከላይ ስሙን ጽፏል። ኦኩሙ ይላል።»

እንዲህ እየሰደበች ዘጠኝ ዓመት አነበበችልኝ። የራሷን ሥራ ለመጨረስ ጠዋት ጥበቃው በር ሳይከፍት ትደርስ ነበር። እድገት ሁለቴ አልፏታል፤ እሷ ትንፍሽ አላለችም፣ እኔም የሰማሁት ከሰው ነው። አለቆቻችን እዚሁ ተቀምጣችኋል፣ ሥጋውን እያላመጣችሁ ስሙት።

ኋላ የሚያነብልኝ ማሽን መጣ። አይበላም፣ አይሳደብም። ማማ፣ ዛሬ ልናዘዝልሽ። ማሽኑን ከተቀበልኩ በኋላ አራት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ደብቄ «ገና አልደረሰም» እያልኩ አስነበብኩሽ። ዳግመኛ አጠገቤ አትመጪም ብዬ ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ።

ምን አልሽ? ጮክ በይ፣ ሁሉም ይስማ!

«ማሽኑ ከመጣበት ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። ሁለተኛ አይጠራኝም ብዬ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት» ትላለች።

በሉ ተነሱ፣ ለማማ አኬዮ እንጠጣ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ። የኔን ብርጭቆ ግን አንዳችሁ ያዙልኝ፤ ማማን ላቅፋት ነው።